ለአስቴር ይነገራት፣ እሷ ጠንካራ ናት

የዛሬ ሦስት ዓመት ስለ ጠንካራ ሰዎች የጠየቀኝ ሁሉ መልስ ሳያገኝ አይሄድም ነበር። ሐዋሳ ውስጥ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና አስተምራለሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌም በዚሁ ላይ ነበር፤ መከራ የማይበግራቸው ሰዎች ባሕርይ ከጭንቀት፣ ከሐዘንና ከጤና ጋር ስላለው ዝምድና። መጠይቁን ለተማሪዎች ከመበተኔ በፊት ቤተሰቤ ላይ ሞክሬው ነበርና ከሁላችን ከፍተኛውን ነጥብ ያገኘችው ታላቅ እህቴ አስቴር ሆነች። እሷ መጋረጃ እየሰፋች፣ እኔ ጥያቄውን እያነበብኩላት ነው የሞላነው።

«ነገሮች ከአቅሜ በላይ እንደሆኑ ይሰማኛል።»

«በጭራሽ።»

«ብቻዬን ስሆን አለቅሳለሁ።»

«ጊዜ ካገኘሁ!» ብላ ሳቀች። ከስፌት መኪናው ቀና እንኳ አላለችም። «በጭራሽ በለው። ቶሎ በል ናቲ፣ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው።»

እኔም «በጭራሽ» በሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ሳቋን የምጽፍበት ቦታ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

አባታችን ሲሞት አስቴር ሃያ ዓመቷ ነበር፤ እኔ ዘጠኝ፣ በመሃላችን ያለው ሳሙኤል ደግሞ አሥራ ሦስት። ወላጆቻችን ከዱራሜ መጥተው ሐዋሳ የከተሙ ሰዎች ናቸው፤ ያሳደገን ታቦር ላይ ያለው ቤታችን ነው። አስቴር ትምህርቷን አቋርጣ ስፌት ተማረች፤ ባህል አዳራሽ አካባቢ አንዲት የመጋረጃ ሱቅ ተከራየች፤ እኔንም ሳሚንም ዩኒቨርሲቲ አስገባች። እሷ ግን ሳታገባ አርባን ተጠጋች። ስለዚህ ጉዳይ ስትማረር የሰማ የለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሲታመም የምትጠራው እሷ፣ ለቅሶ ቤት የምታስተናግደው እሷ፣ የተጣላ የምታስታርቀው እሷ ናት። እማዬ የደም ግፊት ሲይዛት የመለኪያ መሣሪያ ገዛችና ጠዋትና ማታ ትለካት ጀመር። ቀስ በቀስ የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ እሁድ ከአምልኮ በኋላ እኛ ቤት ክንዱን ይዞ የሚሰለፍ ሆነ። መሣሪያው በራሷ ክንድ ላይ ተጠምጥሞ ያየሁበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

እንግዲህ መርዶው የመጣበት ቀን ማክሰኞ ነበር። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ቢሮዬ ተቀምጬ ፈተና ሳርም ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ሳሚ የሚሠራበት የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ድርጅት አለቃ ነበሩ። «ወንድሜ፣ ብቻህን ነህ? አጠገብህ ሰው አለ?» ሲሉኝ ገባኝ። ኮንሶን አለፍ ብሎ መኪናው ተገልብጧል። ሦስቱ ተርፈዋል። ሳሚ አልተረፈም።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግኩ በቅጡ አላስታውስም። ራሴን ያገኘሁት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የሆኑት ጋሽ ደሳለኝ ቤት በራፍ ላይ ቆሜ ነው። አባታችንን የቀበሩት፣ እኛንም እንደ ልጆቻቸው የሚያዩን ሰው ናቸው። አቅፈው አስገቡኝና አብረውኝ አለቀሱ። እንባቸውን ሲጠርጉ ግን ወዲያው ሌላ ሰው ሆኑ። ሥራ ነበረብን።

መርዶ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የሞት ዜና እንዲሁ አይወረወርም። ሰው በሌሊት ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ቤቱን አንኳኩቶ ገብቶ ነው የሚነገረው። እስከዚያ ድረስ ባለቤቱ እንዳይሰማ ይጠበቃል፤ እራቱን ይብላ፣ ይተኛ ይባላል። የሳሚ አስከሬን የሚደርሰው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነበር። እማዬ ግፊት አለባት። ድንገት ከሰማች አናተርፋትም አልን። ስለዚህ ንጋት ላይ ጋሽ ደሳለኝ ከሌሎች ሽማግሌዎችና ከአንዲት ነርስ ጋር ሊነግሯት ተወሰነ። እስከዚያ ድረስ ግን ቤት ውስጥ ሆኖ ስልኳን የሚደብቅ፣ ጎረቤት እንዳይነግራት የሚከላከል፣ መድኃኒቷን የሚያስውጣት፣ ፊቱ ላይ ምንም የማይነበብበት ሰው ያስፈልጋል።

«አንተ ትችላለህ?» አሉኝ ጋሽ ደሳለኝ።

«አልችልም ጋሼ።»

«እንግዲያው ለአስቴር ይነገራት። እሷ ጠንካራ ናት።»

እውነቱን ልናገር፤ እፎይ አልኩ። ጋሽ ደሳለኝ ግን ትንሽ አሰቡና፣ «ወንድሟ እኮ ነው፤ እሷስ ትችለዋለች ትላለህ? አንተ የተማርከው ይህንኑ አይደል?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ የመለስኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «አያስቡ ጋሼ። እንደ አስቴር ያለ ሰው ሐዘን ቢደርስበትም ቶሎ ይነሳል፤ ጤናውም አይጎዳም» አልኳቸው። ሳሚን ካጣሁ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላኝ፣ ከሐዘኔ ለማምለጥ ስል ዲግሪዬን መዘዝኩ።

በባጃጅ ወደ ሱቋ ወረድኩ። ነጭ የሠርግ ቤት መጋረጃ ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠርዙን ትሰፋለች። ከንፈሮቿ መሃል ሁለት መርፌ ቁልፍ ይዛለች። ፊቴን ስታይ አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ማን ነው?» አለችኝ። ምን ሆንክ አላለችም።

ነገርኳት። ሁለት እጇን መጋረጃው ላይ ዘረጋች። እንድትጮህ ጠብቄ የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ ነበር፤ አልጮኸችም።

«እማዬ ሰምታለች?»

«አልሰማችም። ጠዋት ነው የሚነገራት። አንቺ አብረሻት እንድትሆኚ…»

«ገባኝ። አንተ ምሳ በልተሃል?»

«አስቱ!»

«ጠይቄሃለሁ እኮ።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ የመኪናውን ፔዳል ረገጠች። የመጋረጃው ጠርዝ ወደ ሁለት ሜትር ገደማ ይቀረው ነበር፤ እስከ ጫፉ ሰፋችው። ሙሽራዋ ከነገ ወዲያ ነው የምታገባው አለችኝ። ክሩን ቆርጣ፣ አጥፋ፣ ፌስታል ውስጥ ከተተችው። ልትነሳ ስትል ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች።

«ጆሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ይጮኻል» አለች።

«በርቺ አስቱዬ። አንቺ ከወደቅሽ ሁላችንም አለቅን።»

ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየቷን እስከ ዛሬ ልተረጉመው አልቻልኩም። «እሺ» ብላ ነጠላዋን አነሳች።

እሷ ወደ እማዬ ሄደች፤ እኔ ወደ ጋሽ ደሳለኝ ቤት ተመልሼ እስኪበቃኝ አለቀስኩ። አልጋ አነጠፉልኝ። የጋሽ ደሳለኝ ባለቤት ሾርባ በማንኪያ አጎረሱኝ። ሰው እየመጣ ጀርባዬን ደባበሰኝ። አስቴርን አንድ ሰው እንኳ አልደባበሳትም፤ ምክንያቱም ቤቷ ሰው ከታየ እማዬ ትጠረጥራለች።

ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፊቴን ታጥቤ ቤት ገባሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ እራት የምበላው እዚያ ስለሆነ መቅረቴም ያስነቃል።

«ዓይንህ ምን ሆነ?» አለችኝ እማዬ ገና ሳልቀመጥ።

«የባጃጅ አቧራ ነው» አለች አስቴር ከጓዳ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት። «መነጽር ግዛ ብዬው እንቢ ብሎኝ እኮ ነው።»

ሳህን ይዛ ወጣች። ሽሮና ዳቦ አቀረበች። አንዲት ደንበኛዋ የመስኮቷን ልክ በገመድ ለክታ ስትመጣ ገመዱን መንገድ ላይ እንደጣለችው እያስመሰለች አወራች። እማዬ ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አስቀያሚ ሳቅ ስቄ አላውቅም። በዚያች ሰዓት ስለ እህቴ የተሰማኝን ብደብቅ ውሸታም እሆናለሁ፤ ኮራሁባት። «ይኸው፣ ጽናት ማለት ይህ ነው» አልኩ በልቤ።

ሳሚ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ላይ ይደውላል። አንድ ሰዓት ሆነ።

«ስልኬን የት አደረግሽው?» አለች እማዬ።

«ቻርጅ ላይ ነው። ሳሚ እንደሆነ የሄደበት ቦታ ኔትወርክ የለም፤ ጠዋት ነግሮኛል።»

«ምን አለሽ ሌላ?»

«እማዬን ሳሚልኝ አለ።»

እማዬ ራሷን ነቀነቀች። አስቴር የእማዬን ግፊት ለካች፣ መድኃኒቷን ሰጠች፣ ውሃ ልታቀብላት ብርጭቆ አነሳች። ብርጭቆው ከቀኝ እጇ ሾልኮ ወደቀና ተሰበረ። ስብርባሪውን ልለቅም ስጎነበስ አየኋት፤ መዳፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ እንደ ባዕድ ነገር ትመለከተዋለች።

ጓዳ ድረስ ተከትያት ሄድኩ። «ምን ሆንሽ?»

«ደነዘዘኝ። ራሴንም እየፈለጠኝ ነው።»

«ክሊኒክ እንሂድ?»

«እማዬን ምን ብለን?» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ደክሞኝ ነው ናቲ። ይለቀኛል።»

አንባቢዎቼ፣ ታሪኬ ያለው እዚህ ጋ ነው። ጎረቤታችን ባጃጅ አለው። ክሊኒኩ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። መሣሪያው እዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ ክንዷን ይዞ መለካት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን የእማዬን ነገር አሰብኩ። ሊነጋ የቀረውን ሰዓት ቆጠርኩ። አስቴር ደግሞ አስቴር ናት፤ ትችለዋለች። «በቃ እስኪነጋ ብቻ ነው፤ በርቺ» አልኳትና ትከሻዋን መታ መታ አደረግኩ።

ወደ ሳሎን ስንመለስ እማዬ እንደ ልማዷ ልትጸልይ ተንበርክካ ጠበቀችን። ሁላችንንም በየስማችን እየጠራች ነው የምትጸልየው። አስቴርን ጠራች፣ እኔን ጠራች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጌታ ሆይ፣ ሳሙኤልን በመንገዱ ሁሉ ጠብቅልኝ፤ በሰላም ወደ ቤቱ አምጣልኝ» አለች። እዚህ ላይ ቆመች። ብዙ ቆየች። የሆነ ሰው አሜን ማለት ነበረበት።

«አሜን» አለች አስቴር። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

ያን ሌሊት ማናችንም አልተኛንም፤ ሁላችንም ግን የተኛን መስለን አነጋን።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ደሳለኝ ከሦስት ሽማግሌዎችና ከነርሷ ጋር ገቡ። ከኋላቸው ጎረቤት ግቢውን ሞልቶታል። እማዬ ሶፋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር። ነርሷ ከጎኗ ተቀመጠች። እኔ ውሃ ይዤ ከኋላዋ ቆምኩ፣ ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ተጠጉ። አስቴር ብቻዋን በሩ ጋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

ጋሽ ደሳለኝ የእግዚአብሔርን ቃል አንብበው ሲጨርሱ፣ «እማማ ጡሩነሽ፣ ጌታ የሰጠሽን ልጅ ጌታ ወሰደው። ሳሙኤል አርፏል» አሏት።

ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ሁላችንም እማዬ ላይ ተረባረብን፤ አንዱ ይይዛታል፣ አንዱ ያራግብላታል፣ ነርሷ መለኪያውን ክንዷ ላይ ትጠመጥማለች። እማዬ ግን አልጮኸችም። ዓይኖቿ በእኛ መሃል አልፈው በሩን ያያሉ።

«እኔን ተውኝ!» አለች። «አስቴርን ያዙ! ልጄን ያዙልኝ!»

ዞር ስል አስቴር ወደ እኛ ልትራመድ አንድ እግሯን አንስታለች። አፏ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። የሆነ ነገር ልትለን ሞከረች፤ የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። ከግድግዳው ጋር እየተሻሸች ወለሉ ላይ ተንሸራተተች። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚይዛት አንድ ሰው አልነበረም።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ጠየቀኝ። «የደም ግፊት ነበረባት?»

«የለባትም» አልኩ በልበ ሙሉነት።

«መቼ ነው የተለካችው?»

ለሰፈሩ ሁሉ ስትለካ የኖረች ሴት ናት። ሐኪሙ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም መፍሰሱን፣ ግፊቷም በጣም ከፍተኛ መሆኑን ነገረኝ። ሳይታወቅ ለዓመታት አብሯት ሳይኖር አልቀረም አለ። የአንድ ቀን ሐዘን ብቻውን ያደረሰው እንዳልሆነም ገለጸልኝ። ሊያጽናናኝ ይመስለኛል። ስለ ብርጭቆው ስነግረው ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ያኔውኑ ብታመጧት መልካም ነበር» ብቻ አለኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሳሚን ቀበርነው። ከቀብር ስንመለስ እማዬ ድንኳን አልገባም ብላ በቀጥታ ሆስፒታል ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አብሬያት ተቀመጥኩ።

«እኔ እኮ አውቄ ነበር።»

«ምኑን እማዬ?»

«የሳሚን። ከሰዓት በኋላ እሷ ቀድማ ቤት ስትመጣ ጠረጠርኩ። አንተ በዚያ ዓይን ስትገባ እርግጠኛ ሆንኩ። ስሙን በጸሎት የጠራሁት ሆን ብዬ ነው፤ አሁን እንኳ ታለቅስና አብረን እናለቅሳለን ብዬ። አሜን ስትል፣ ልጄ ለእኔ ብላ ይህን ያህል ከቻለች እኔም ለእሷ ብዬ እችላለሁ አልኩ። ዝም አልኳት።» በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። «ብንነጋገር ኖሮ ናቲ… አንድ ቃል ብንነጋገር ኖሮ።»

ሁለቱም ጠንካሮች ነበሩ፤ አንዷ ለሌላዋ ስትል አንድ ሌሊት ሙሉ ጣሪያ አይታ አደረች። ደካማው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ታቅፌ፣ ተደባብሼ፣ ሾርባ ጠጥቼ በጤናዬ ቆምኩ።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ የተማርኩት ሁሉ ሐሰት ነው እያልኳችሁ አይደለም። በጥቅሉ ሲታይ መከራን የሚቋቋም ባሕርይ ያለው ሰው በክፉ ስሜት አይዋጥም፣ ጤናውም የተሻለ ይሆናል፤ ይህን ዛሬም አስተምራለሁ። የእኔ ስሕተት ይህን ስለ ብዙ ሰዎች የተባለ ነገር ለአንዲት ሴት ዋስትና ማድረጌ ነው። አስቴር የማይሰማት ሰው አልነበረችም፤ የማንጠይቃት ሰው ነበረች። ሁለቱም ዓይነት ሰዎች መጠይቁ ላይ አንድ ዓይነት ነጥብ ያመጣሉ። የእሷ ጽናት ደግሞ የእሷ ብቻ ባሕርይ አልነበረም፤ እኛ ስለተመቸን በየቀኑ የጫንንባት ሥራ ጭምር ነበር። «በርቺ» ማለት ለእኛ ማጽናኛ ነው፤ ለእሷ ግን ትእዛዝ ሆኖባት ኖሯል።

በየቤታችሁ አንድ አስቴር አትጠፋም። መርዶ ሲመጣ ቀድማ የምትሰማው፣ ሐኪም ቤት የምታስታምመው፣ ስትጠየቅ «ደህና ነኝ» ብላ ወዲያው ስለ እናንተ የምትጠይቀው። እባካችሁ ከመልሷ በኋላ አትሂዱ። ተቀመጡና ድጋሚ ጠይቋት። እጇ ሲደነዝዝ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቁ። የእናንተም ሰው ወንድሙን አጥቶ ከሆነ፣ ወንድሙን እንዳጣ ሰው ያዙት።

አስቴር አሁን ቤት ውስጥ በከዘራ ትንቀሳቀሳለች። ቀኝ እጇ ጨርቅ አይዝም፤ ሱቁን ለቀናል። ቃላቷ ጥቂት ናቸው፣ አንዱን ለማውጣት ብዙ ትደክማለች። እንባዋ ግን ይቀርባል። ሐኪሙ ይህም ከሕመሙ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ነግሮናል። መጀመሪያ አካባቢ ስታለቅስ እኔ እየሮጥኩ አባብላት ነበር፤ እማዬ ናት የከለከለችኝ። «ተዋት፣ የዘገየባት ነው» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ልትጠይቃት መጣች። ደግ ሴት ናት። ስትሰናበት የአስቴርን እጅ ይዛ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ አንቺ እኮ ድሮም ጠንካራ ነሽ» አለቻት።

አስቴር ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቃሉን ፍለጋ ፊቷ ቀላ፣ አንገቷ ተወጠረ። ሴትዮዋ ደንግጣ ወደ እኔ አየች፤ ልረዳት ብዬ አፌን ልከፍት ስል እማዬ በእጇ አስቆመችኝ። ሁላችንም ጠበቅናት።

«አይ… ደ… ለሁም» አለች አስቴር።

እማዬ ተነስታ አጠገቧ ተቀመጠችና ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ አስደገፈችው። ሁለቱም ስለ ሳሚ አለቀሱ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ተቀመጥኩ።